የጆሯችን ነገር



በዚህ ዜና መጽሔት ስለ ፈተና ዝግጅት፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ረመዷን ብዙ ጠቃሚ ጽሑፎች ወጥተዋል። እኛ የምንጽፈው ስለ ጆሮ ነው። ርዕሱ ቢያስቃችሁ አንቀየምም፤ እኛም ስንስቅበት ነው የኖርነው። "እኛ" ማለታችን ራሳችንን ለማክበር አይደለም። በአንድ ዓመት የምንበላለጥ ሁለት ወንድማማቾች ነን። ሁለታችንም መስቀል ፍላወር ተወልደን፣ ግማሽ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን መድረሳ እየተመላለስን አድገን፣ አሁን ምህንድስና እናጠናለን። ብዕሩን የያዘው አንዳችን ነው፤ ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ ያርማል።

ነገሩ የጀመረው ታላቅ እህታችን የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሳምንት ነው። እንደ አገሩ ልማድ ለመታረስ እናታችን ቤት መጣች። አባታችን ሕፃኑን ታቅፈው በቀኝ ጆሮው አዛን አሉለት። ሲጨርሱ ጆሮውን አየት አደረጉና ፈገግ ብለው "ይሄስ የኛው ነው" አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኛ ሁለታችን ግን ተያየን። የሕፃኑ ጆሮ ከራሱ ተነጥሎ እንደ ተከፈተ በር ወደ ውጭ ቆሟል። የአባታችን ጆሮ ነው፤ የኛም ጆሮ ነው።

ወጣ ያለ ጆሮ በሽታ አይደለም። በደንብ ይሰማል፣ አያምም። ችግሩ ያለው ከጆሮው ባለቤት ውጭ ነው። አበው "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይላሉ፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት። በኛ በኩል ተረቱ ግማሹ ነው የሠራው። ጆሯችንን ራሳችን አናየውም፤ የሚያየውም ስም የሚያወጣለትም ሌላው ነው። የሚወራበትን ግን ጥርት አድርገን ሰምተናል።

የኛ ልጅነት በየጣሪያው ዲሽ የሚተከልበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤት ታላቁ "ናይልሳት"፣ ታናሹ "ዓረብሳት" ተባልን። "ዛሬ ምን ይዟል? ቻናል ቀይርልን እስቲ" ተብሎ ጆሯችን ይጠመዘዛል። መድረሳም ቢሆን ኡስታዛችን ሲቀጡ ጆሮ ይቆነጥጡ ነበር፤ የኛ ደግሞ ለመያዝ የተመቸ ነው። ቢሆንም ኮፍያችንን አውርደን ጆሯችን ላይ ስንጭነው ያው ኡስታዝ "ቁርኣን የሚሰማ ጆሮ ምን አጥፍቶ ነው የሚታሰረው?" እያሉ መልሰው ከፍ ያደርጉልን ነበር።

ከሁለታችን አንዱ ቀልደኛ ሆነ። ሰው ሳይቀድመው እሱ ራሱ በጆሮው ይቀልዳል፤ "ንፋስ ሲነሳ ያዙኝ" ይላል። ሌላው ዝምተኛ ሆነ፣ ፀጉሩንም አሳደገ። ይኸው ዝምተኛው 4ኛ ክፍል እያለ፣ የዒድ ዋዜማ ሌሊት፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ የጫማ ማስቲሽ አምጥቶ ጆሮውን ከራሱ ጋር አጣበቀው። ጠዋት አንደኛው ጆሮ ለቅቋል፤ ሁለተኛው ቆዳውን ይዞ ቀርቷል። እናታችን በምግብ ዘይት እያለሰለሰች ስታላቅቀው አንድ ቃል አልተናገረችም። የዚያን ዕለት የዒድ ሶላት ላይ ከጆሮው ጀርባ ቅባት ተቀብቶ ነው የሰገደው። በቤታችን ስለዚያ ቀን ዳግም ተወርቶ አያውቅም። የሕፃኑን ጆሮ ስናይ ግን ለሁለታችንም ትዝ ያለን ማስቲሹ ነው።

በአራስ ቤቱ የሐሳብ እጥረት አልነበረም። አባታችን "የአላህ ፍጥረት ነው፣ አትንኩት" አሉ። ጎረቤታችን እማማ ገንፎውን እያማሰሉ "ቅቤ አሽተሽ በሻሽ ጥፍር አድርገሽ እሰሪው፤ የኔም ልጆች እንዲያ ነው ያደጉት" ብለው እህታችንን መከሯት። የእህታችን ባል "ሲያድግ ከፈለገ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል" አለ። እህታችን ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ ወደ እኛ ዞረች። "የኔም ጆሮ እንደናንተው ነው። ሒጃቤ ስለሸፈነው ማንም አላወቀብኝም። እሱን ምን ይሸፍነዋል?" አለችን።

ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም፤ ስናነብ አደርን። ያገኘነውን በአጭሩ እንንገራችሁ።

የጆሮን ቅርጽ የሚሰጠው ከቆዳው ሥር ያለው ልም አጥንት፣ በተለምዶ ቅርጭጭት የምንለው ነው። ጓደኛችሁን ጆሮውን ብታዩት ከውጨኛው ጠርዝ ገባ ብሎ ሌላ እጥፋት አለ። ጆሮን ወደ ራስ መልሶ የሚያስተኛው ያ እጥፋት ነው። ጆሮ ወደ ውጭ የሚወጣው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው፦ ወይ እጥፋቱ በደንብ አልታጠፈም፤ ወይ ከጆሮው ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ጎድጓዳ ክፍል ጥልቅ ሆኖ ጆሮውን ገፍቶታል። አንዳንዱ ሰው ሁለቱም አለበት። በዘር እንደሚተላለፍ ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገንም።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ልም አጥንት ለስላሳ ነው። በእናቱ ማህፀን ሳለ ያገኘው ኢስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ገና በደሙ ውስጥ ስላለ ነው ይህ የሚሆነው። ሆርሞኑ በቀጣዮቹ ሳምንታት ሲቀንስ ልም አጥንቱም እየጠነከረ ይሄዳል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጃፓን ሐኪሞች በዚህ ጊዜ ተጠቅመው፣ የሕፃኑን ጆሮ በትንሽ ደጋፊና በፕላስተር ለሳምንታት ይዞ በማቆየት ያለ ቢላ ማስተካከል እንደሚቻል አሳዩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተጀመረ ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን የመሳካት ዕድሉ እየቀነሰ ይመጣል።

ነገሩ ሳይት ላይ የምናውቀው ሆኖ አገኘነው። ኮንክሪት እርጥብ እያለ ካሳፎርማው የሰጠውን ቅርጽ ይይዛል። ከደረቀ በኋላ ካሳፎርማ ብታስሩበት ምንም አይለወጥም፤ ያኔ የሚያስፈልገው መቁረጫ ነው። የሕፃኑ ጆሮ የታጠፈበት ላይ ይቀራል፤ የአዋቂ ጆሮ ግን እንደ ስፕሪንግ ወደ ቦታው ይመለሳል። ማስቲሹን ያሸነፈው ይኸው ሕግ ነው። ለአዋቂ ተብለው የሚሸጡት ተለጣፊዎችም እስከተለጠፉ ድረስ ብቻ ነው የሚሠሩት።

ሕፃኑ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ኮንክሪቱ እየደረቀ ነው።

የሕክምናው ነገር እንዲህ ከሆነ የዲኑስ? በማግስቱ ከመግሪብ በኋላ አባታችንን ይዘን ወደ ኡስታዛችን ሄድን። ያሉንን እንደ ተረዳነው እናስቀምጠዋለን፤ ፈትዋ ከኛ እንዳትወስዱ፣ የየራሳችሁን ጉዳይ ዐዋቂ ጠይቁ።

ኡስታዝ የጀመሩት አባታችን ከፈሩት ነገር ነው። የአላህን ፍጥረት መለወጥ የሸይጧን ጥሪ እንደሆነ በሱረቱ አን-ኒሳእ ተነግሯል። ለውበት ብለው ጥርሳቸውን የሚሞርዱ ሴቶች የተወገዙበት ሐዲስም ትክክለኛ ነው። ነገር ግን ኢማም ነወዊ "ለውበት" የምትለዋ ቃል ላይ ቆመው፣ ለሕክምና ወይም ጥርሱ ላይ ላለ እንከን ከሆነ ችግር እንደሌለው አብራርተዋል። ከዚያ የዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድን (ረ.ዐ.) ታሪክ አነሱ። በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ በምትኩ የብር አፍንጫ አሠሩ። ብሩ ሲሸትባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ወርቅ መልበስ ለወንድ ክልክል ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ሐዲሱን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። በኛ ዘመን ደግሞ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ማሌዥያ ፑትራጃያ ላይ ተሰብስቦ በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ጉዳይ ወስኗል። አብሮ የተወለደ እንከን አካላዊ ወይም የሥነ ልቦና ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ ማስተካከል ይፈቀዳል፤ ጤናማውን መልክ ለፋሽን ብሎ መለወጥ ግን አይፈቀድም።

አባታችን እስከዚህ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ "ዐርፈጃ እኮ አፍንጫቸው ጠፍቶባቸው ነው። የዚህ ልጅ ጆሮ ግን በቦታው አለ" አሉ።

ኡስታዝ ሳቁ። "ልክ ነዎት። ዑለማዎች የሚወያዩትም እዚሁ ላይ ነው። ግን ለሕፃኑ የሚቆረጥ ምን አለ? ፕላስተር ነው። እግሩ ቆልመም ብሎ የተወለደ ልጅ በጀሶ ሲታሰር አላየንም?" ወደ እኛ ዞረውም ሁለት ጥያቄ ሰጡን፦ "የምታስወግዱት ጉዳት ነው ወይስ የሰው ዓይን ያመጣው ምኞት? ደግሞስ ሕክምናው የሚያመጣው ጉዳት ከሚያስወግደው አይበልጥም ወይ? ጉዳት በመሰሉ ጉዳት አይወገድም።" ይህቺን የፊቅህ መርህ መድረሳ በቃላችን ይዘናት ነበር። በራሳችን ጆሮ ላይ እንደምትሠራ ግን አላሰብንም።

መንገድ ላይ አባታችን ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሄዱ። የሰፈራችን መታጠፊያ ጋ ስንደርስ "ፕላስተር ከሆነ ይሁን" አሉ።

ዐቂቃው በሰባተኛው ቀን ወጣ፤ በስምንተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ የሕፃኑን ጆሮ በጣታቸው ቀስ ብለው ወደ ኋላ አጠፉትና "እጥፋቱ ነው የጎደለው፤ ጎድጓዳው ደህና ነው" አሉ። ይህ መልካም ዜና ነበር፤ እጥፋቱን በደጋፊ መሥራት ይቻላል፣ ጥልቅ ጎድጓዳን ግን ማስተካከል ይከብዳል። እህታችን "ሁለት ሳምንት ብንጠብቅስ?" ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ አልተቆጡም። አንዳንድ ሕፃን ላይ በራሱ እንደሚስተካከል፣ መጠበቅም ራሱን የቻለ አማራጭ እንደሆነ ነገሯት። "ካልተስተካከለ ግን ያኔ ይሄኛው በር ሊዘጋ ይችላል" አሉ።

እህታችን አየችን። ያኔ ነው አንድ ነገር ግልጽ የሆነልን። ሕፃኑ መናገር አይችልም። ወደፊት በጆሮው ይኮራ ይሆን ወይ ያፍር ይሆን አናውቅም። መናገር ለማይችል ሰው ስንመርጥለት፣ ቢሳሳት ሊመለስ የሚችለውን ነገር መምረጥ አለብን። ፕላስተር ይነሳል። ስፌትና ጠባሳ ግን አይነሳም። ቢሳካ ልጁ ቢላ ከማየት ይድናል፤ ባይሳካ አድጎ ራሱ ይወስናል፤ ያጣው ነገር የለም።

ፋብሪካ የሠራው ዝግጁ ደጋፊ ውጭ አገር ይሸጣል። ሐኪሟ የሠሩልን ግን ሕፃናት ወተት ከሚወስዱበት ቀጭን ቱቦ ቁራጭ ነው፤ ውስጡ ለስላሳ ሽቦ ገብቶበታል። ፌሮ ያለበት ካሳፎርማ በሉት። ጠርዙና እጥፋቱ መካከል ባለው ቦይ አስቀምጠው በቀጭን የሕክምና ፕላስተር ያዙት። እማማ የመከሩት ሻሽስ? ሐኪሟ "ሻሽ ጆሮውን ይጫነዋል እንጂ እጥፋት አይሠራለትም፤ ሲጠብቅ ደግሞ ቆዳ ያቆስላል" አሉን። ይህን ስንነግራቸው እማማ አልተቀየሙም፤ "እንግዲህ እናንተ ናችሁ የተማራችሁት" ብለው ሻሹን ለራሳቸው አሰሩት።

አምስት ሳምንት ፈጀ። በየጥቂት ቀኑ ሐኪሟ እያዩ ፕላስተሩን ይቀይሩ ነበር። አንድ ቀን ከግራው ጆሮ ጀርባ ቆዳው ቀልቶ አገኘነው። በስልክ ነግረናቸው ወዲያው እንድናነሳው አዘዙን፤ ቆዳው እስኪያርፍ ሁለት ቀን ያለ ደጋፊ ቆየ። ቤት ውስጥ ማታ ማታ በባትሪ እያበራ ቆዳውን የሚመረምረው ማን እንደነበር ገምቱ። ያ ማስቲሽ ያጣበቀው ዝምተኛ ወንድም ነው።

አሁን ወደ ራሳችን። በሁለተኛው ቀጠሮ ሐኪሟ ሕፃኑን ጨርሰው እኛን አዩና "የናንተስ?" አሉ። ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ማስመሪያ አንስተው ለኩን፤ ከጆሮ ጠርዝ እስከ ራስ ያለው ርቀት በአብዛኛው ሰው ከ2 ሴንቲሜትር በታች ነው። የኛ ከዚያ በለጥ ብሏል። ሁለታችንም መሐንዲስ ልንሆን ነውና በልጅነታችን ሙሉ "ዲሽ" ሲባል የኖረው ነገር በማስመሪያ ሲለካ ጥቂት ሚሊሜትር ሆኖ መገኘቱ አስደነቀን።

ለኛ ዕድሜ ዘላቂው መፍትሔ ቀዶ ሕክምና ነው። አዲስ ነገር አይደለም። በ1881 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ውስጥ ኤድዋርድ ኢላይ የተባለ ሐኪም እኩዮቹ የሚሳለቁበትን የ12 ዓመት ልጅ ጆሮ ቀዶ አስተካክሏል። ያ ልጅ ከኛ ክፍል የሆነ ያህል ተሰማን። በ1963 ስኮትላንዳዊው ጃክ ሙስታርዴ ልም አጥንቱን በስፌት ስቦ የጎደለውን እጥፋት የሚሠራበትን ዘዴ አሳተመ፤ ዛሬም ይሠራበታል። ሌላው ዘዴ የልም አጥንቱን አንድ ፊት ጫር ጫር ማድረግ ነው። ልም አጥንት በውስጡ የተወጠረ ኃይል ስላለው አንድ ፊቱ ሲጫር ወደ ሌላው ይታጠፋል። በአንድ ጎኑ የተቆረጠ ብረት ለምን እንደሚጣመም የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ለንደን ውስጥ ደግሞ ቅርጹን ከሚያስታውስ የኒኬልና የታይታኒየም ቅይጥ የተሠራ፣ ወርቅ የተቀባ ቀጭን ማጠፊያ በትንሽ ቀዳዳ ከቆዳ ሥር የሚያስገቡ ሐኪሞች ተነስተው ነበር። ይህን ስናነብ የዐርፈጃ የወርቅ አፍንጫ ትዝ አለን።

ሐኪሟ ያላቸውን ሁሉ ጥሩ ጥሩውን ብቻ አልነገሩንም። ደም ሊቋጥር ይችላል፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ሁለቱ ጆሮዎች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፤ ስፌቱ ላልቶ ጆሮው መልሶ ሊወጣ ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን የጠየቁን ስለ ቆዳችን ነው። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው ላይ ጠባሳ ከቁስሉ ወሰን አልፎ እያበጠ የሚያድግበት፣ ኬሎይድ የሚባል ነገር ይበዛል፤ ጆሮ ደግሞ አንዱ የሚወደው ቦታ ነው። እህታችን የጆሮዋ ላይኛው ክፍል ላይ ሎቲ ተበስታ ያበጠባትን እናውቃለን። ሐኪሟ እጅጌያችንን እንድንሰበስብ ነገሩን። የልጅነት የቲቢ ክትባታችን ጠባሳ በአንዳችን ክንድ ላይ ጠፍጣፋ ነው። በሌላው ክንድ ላይ ግን እንደ ባቄላ አብጦ ቆሟል።

ያበጠው የዝምተኛው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረው እሱ ነበር። ክፍሉ ፀጥ አለ። ሐኪሟ "አይሆንም አልልህም። ከጆሮህ ጀርባ ከጆሮህ የባሰ ነገር ሊበቅል ይችላል ነው የምልህ" አሉት። የኡስታዝ ሁለተኛ ጥያቄ መልስ ክንዱ ላይ ተጽፎ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀልደኛው አንድም ቀልድ አልቀለደም። በመጨረሻ "እኔ ላስደርገው ነው" አለ። ሌላው ደንግጦ አየው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሳይስቅበት በፊት ራሱ የሳቀው ሰው፣ ሳቁ ሁሉ ጋሻ እንደነበር ያን ቀን ነገረን። አንድ አልጋ ተካፍለን ያደግን ወንድማማቾች ይህን አናውቅም ነበር። ዝምተኛው የተከፋ፣ ቀልደኛው የተመቸው ነበር የሚመስለን። ሁለታችንም ለላፕቶፕ ብለን የምንጥለው እቁብ ነበረን። ዝምተኛው የራሱን ድርሻ "ውሰደው፣ ላፕቶፑን በጋራ እንጠቀማለን" አለው። ኢስቲኻራ ሰገድን፤ ቀን ተቆረጠ።

ሴሚስተር ሲዘጋ ከዙህር በኋላ ገብቶ ለዐስር ወጣ። ማደንዘዣው የቦታ ስለሆነ አልተኛም፤ "ጆሮ ሲቀደድ ራሱ ይሰማል" ይላል አሁን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ከባድ ነበሩ። ራሱ ለአንድ ሳምንት ያህል በፋሻ ስለታሰረ የሰፈር ልጆች ጥምጣም የጠመጠመ ደረሳ መስሏቸው "ሸይኻችን" ብለውታል። ውዱእ ሲያደርግ ቁስሉን እንዳያረጥብ በፋሻው ላይ ነበር የሚያብሰው። በፋሻና በጀሶ ላይ ማበስ በፊቅህ የታወቀ ምዕራፍ ነው፤ ዝርዝሩ በመዝሀቦች መካከል ስለሚለያይ ከቀዶ ሕክምና በፊት ጠይቃችሁ ግቡ። ከዚያ ለስድስት ሳምንት ማታ ማታ ማሰሪያ እያደረገ ተኛ፤ ኳስም ተከለከለ።

ከዕረፍት መልስ ግቢ የገባን ቀን ሁለታችንም ልባችን ይመታ ነበር። ማንም አላስተዋለም። አንድ የዶርም ጓደኛችን ብቻ ቀልደኛውን ትክ ብሎ አየውና "ፀጉርህን ተቆረጥክ እንዴ?" አለው። የተቆረጠው ግን ሌላው ነው። ዝምተኛው በዚያው ሳምንት መስቀል ፍላወር ያለ ፀጉር ቤት ገብቶ፣ ቆራጩ እንደ ልማዱ "ጆሮውን ልሸፍነው?" ሲለው "አይ፣ ይታይ" ብሎ ወጥቷል።

እንግዲህ አንድ ቤት፣ አንድ ዓይነት ጆሮ፣ ሦስት መልስ። ለሕፃኑ ፕላስተር፣ ለአንዱ ቢላ፣ ለአንዱ እንዳለ መተው። ማን ልክ ነው ብላችሁ ብትጠይቁን ሦስቱም እንላለን። ጥያቄው ከመነሻው "ቀዶ ሕክምና ይሻላል ወይስ አይሻልም" አልነበረም። የማን ጆሮ ነው? ስንት ቀኑ ነው? ቆዳው ምን ይላል? ጉዳቱ የት ላይ ነው? የሚሉት ናቸው።

ሁለት አደራ አለን። አንደኛው፦ ቤታችሁ ሕፃን ሲወለድ በመጀመሪያው ሳምንት ጆሮውን እዩት፤ ቅርጹ ካሳሰባችሁ ሳትዘገዩ ሐኪም አማክሩ። በቤት ውስጥ በሻሽ፣ በሽቦ፣ በማስቲሽ እንዳትሞክሩ። ሰባት ቀን በክርክር ያሳለፍን እኛ ለጥቂት ነው የደረስነው። ትልቅ ልጅ ከሆነም አትቸኩሉ፤ ጆሮ በ6 ዓመት ገደማ የአዋቂ መጠኑን ሊያገኝ ስለሚቃረብ ከዚያ በኋላ ልጁ ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ ተረድቶ ሊወስን ይችላል።

ሁለተኛው ስለ ስም ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አል-ሑጁራት በመጥፎ ስም እንዳንጠራራ ከልክሎናል። ይህን አንቀጽ የተሰደብን ሆነን ብዙ ጊዜ አንብበነዋል። ግን እኛም ወፍራም መነጽር የሚያደርግ የክፍላችንን ልጅ "ጠርሙስ" እንለው ነበር፤ "ናይልሳት" ስንባል የሚሳቀው ሳቅ ወደ እሱ እንዲዞርልን። ይህን ጽሑፍ ካነበብክ ወንድማችን፣ ዐፉ በለን። ቆዳ የማይቀድ፣ ኬሎይድ የማያመጣ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ሕክምና ቢኖር ምላስን መሰብሰብ ነው፤ እሱም ቢሆን ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ሲጀመር ነው የሚሻለው።

ሕፃኑ ዛሬ አልሐምዱሊላህ ይድሃል። ቀኝ ጆሮው፣ አዛን የተባለበት፣ ከራሱ ጋር ተኝቷል። ግራው፣ ቆዳው የቀላው፣ ትንሽ ወጣ ብሎ ቀርቷል። ይህን ለአባታችን ስናሳያቸው የግራውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉና "አንዷን ተዋችሁልኝ" አሉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።